ጣት ላይ የሚሰካው ፐልስ ኦክሲሜትር፦ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄዎች

ሰመመን ሰጪ ነኝ፣ ኦፕራሲዮን ክፍል በር ላይ ቤተሰብ የሚጠይቀኝንና ኢንቦክስ የሚመጣልኝን ሰብስቤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ መልሻለሁ።

ኦፕራሲዮን ስገባ ጣቴ ላይ የሚሰኩት ነገር ምንድነው?

ፐልስ ኦክሲሜትር ይባላል፣ እኛ እርስ በርስ ግን "ሳቹሬሽን አድርግለት" ነው የምንባባለው። እንደ ልብስ መቆንጠጫ ጣት ይይዛል፣ በአንድ በኩል መብራት አለው፣ በሌላው በኩል መብራቱን የሚቀበል ሴንሰር አለው፣ በቃ ይሄው ነው። ሁለት ነገር ይነግረናል፦ ደም ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን (ኦክስጅን ተሸካሚው የደም ክፍል) ስንት ፐርሰንቱ ኦክስጅን እንደተሸከመ (ሳቹሬሽን የምንለው ይሄን ነው) እና ልብ በደቂቃ ስንቴ እየመታ እንደሆነ።

አንድ እናት ጣታቸው ላይ ሳደርግላቸው "ልጄ ደሜን እየወሰደው ነው እንዴ?" ብለውኛል፣ ቀይ ስለሚያበራ ነው። ደም አይወስድም፣ መርፌም የለውም፣ ወደ ሰውነት የሚያስገባው መድኃኒትም የለም፣ ብርሃን ብቻ ነው።

ጨረሩ አይጎዳም? ለሕፃንስ?

አይጎዳም። ኤክስሬይ አይደለም፣ ተራ የኤልኢዲ መብራት ነው። ከቀዩ ሌላ ለዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ አለው፣ እሱም ቢሆን የቲቪ ሪሞት የሚልከው ዓይነት ነው። እርጉዝም አራስም ጨቅላም ላይ ይደረጋል።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ አይሲዩ (ጽኑ ሕሙማን ክፍል) ውስጥ ወይ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ቀናት ለሚቆይ በሽተኛ ቦታው በየጥቂት ሰዓቱ መቀየር አለበት፣ አንድ ጣት ላይ ወይ አንድ እግር ላይ ብቻ ከቆየ ቆዳው ይቀላል አንዳንዴም ይቆስላል። አስታማሚ ከሆናችሁ ነርሷን አስታውሷት።

ኖርማሉ ስንት ነው? እኔ 94 አሳየኝ፣ ልደንግጥ?

መጽሐፍ ላይ 95 እና ከዛ በላይ ይላል፣ ግን መጽሐፉ የተጻፈው ባሕር ጠለል አጠገብ ለሚኖር ሰው ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፣ ስለዚህ እዚህ የሚኖር ምንም ያልታመመ ሰው 93 ወይ 94 ቢያሳይ ብቻውን አያስደነግጥም። ዋናው ነገር ሰውየው እንዴት ነው የሚለው ነው፣ ትንፋሽ ያጥረዋል? ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራርጥ ያወራል? ትናንት ስንት ነበር? ከ90 በታች ሲሆን ግን የትም ከተማ ይሁን ሐኪም ጋ መሄድ ነው፣ ምክንያቱም ከ90 ወዲህ ያለው መንገድ ቁልቁለት ነው፣ እስከዛ ድረስ ቀስ እያለ ይወርድና ከዛ በኋላ በፍጥነት ይወርዳል።

የሚገርማችሁ ነገር፣ እኤአ 2002 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በፈረንጅ ናቸው) የወጣ ጥናት ላይ ሰሜን ተራራ አምባራስ አካባቢ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎች ተለክተው አማካይ ሳቹሬሽናቸው 95.3 ፐርሰንት ሆኖ ተገኝቷል፣ የሄሞግሎቢን መጠናቸውም ባሕር ጠለል ላይ እንዳለ ሰው ነው። በዛ ከፍታ የአንዲስ ተራራ ሰው ደሙ ወፍሮ፣ የቲቤት ሰው ደግሞ ሳቹሬሽኑ ወርዶ ነው የሚኖረው፣ የኛዎቹ ሁለቱም የለባቸውም። ይሄንን ያሳየው ይቺው ጣት ላይ የምትሰካ መሣሪያ ናት።

ገና የተወለደ ሕፃን ላይ ደግሞ ቁጥሩ ሌላ ነው። በተወለደ በመጀመሪያው ደቂቃ 60 እና 65 ማሳየቱ ጤነኛ ነው፣ በ10ኛው ደቂቃ ከ85 እስከ 95 ይደርሳል። አባት ሞኒተሩን አይቶ እንዳይደነግጥ ይሄን ቀድሜ እነግራለሁ።

ያ "ቲት ቲት" የሚለው ድምፅ ምንድነው?

የልባችሁ ምት ነው። አንድ ምት አንድ ቲት። ከፈጠነ ልብ ፈጥኗል፣ ከተዛባ ልብ ተዛብቷል ወይ ጣታችሁ ተንቀሳቅሷል። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ድምፁ ራሱ ቁጥር እንደሚናገር ነው፦ ኦክስጅኑ ጥሩ ሲሆን ድምፁ ቀጭን ነው፣ ሳቹሬሽን ሲወርድ ድምፁ ደረጃ በደረጃ እየወፈረ ይሄዳል። ስክሪኑን ሳላይ በጆሮዬ ብቻ "እየወረደ ነው" እላለሁ።

ይሄ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሰመመን ሰጪ ሰውን ሲያስተኛ ሁለት እጁ ተይዟል፣ ግራ እጁ ላሪንጎስኮፕ (ጉሮሮ የሚያሳይ መሣሪያ) ይዟል ቀኝ እጁ የመተንፈሻ ቱቦ ይዟል ዓይኑ ጉሮሮ ውስጥ ነው፣ ሞኒተሩ ደግሞ ጎኑ ወይ ኋላው ነው፣ በዛች ሰዓት በሽተኛው አይተነፍስም። ዞር ብሎ ቁጥር ልይ ቢል ያገኘውን የድምፅ ገመድ ያጣዋል። ነፃ የቀረው ጆሮው ብቻ ነው። ይሄን ያሰበበት ሰው ራሱ ሰመመን ሰጪ ሐኪም ነበር፣ ኢንጂነር ብቻውን ቢሆን ኖሮ ትልቅ የሚያምር ቁጥር ሰርቶ ይተው ነበር ብዬ አምናለሁ።

ታድያ ማነው የፈለሰፈው? ጃፓኖች ናቸው ወይስ አሜሪካዊው ዶክተር?

ሁለቱም፣ ግን የሰሩት የተለያየ ነገር ነው። መሠረቱን ያገኘው ታኩዎ አዮያጊ የሚባል ኒሆን ኮህደን ኩባንያ ውስጥ የሚሰራ ጃፓናዊ ኢንጂነር ነው፣ ሐኪም አይደለም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ይፈልግ የነበረው ጭራሽ ሌላ ነገር ነበር፣ ልብ በደቂቃ ስንት ሊትር ደም ትረጫለች የሚለውን ያለ ደም ናሙና ለመለካት ነው። ቀለም ደም ስር ውስጥ ይሰጣል፣ ጆሮ ላይ በተሰካ መብራት ቀለሙ ሲያልፍ ይታያል። ችግሩ የልብ ምቱ ነበር፣ ደም በመታ ቁጥር መስመሩ ይንቀጠቀጥና ልኬቱን ያበላሽበታል። ያንን መንቀጥቀጥ ለማጥፋት ሁለተኛ ዓይነት ብርሃን ጨምሮ ሲሞክር ኦክስጅኑ ሲቀየር መንቀጥቀጡ አልጠፋ አለው፣ ያኔ ነው የገባው፣ ለካ የሚንቀጠቀጠው የደም ቅዳ (ከልብ የሚወጣው ቧንቧ) ደም ብቻ ነው፣ ለካ ረብሻ ያለው ነገር ራሱ መልሱን ይዟል። 1974 ላይ ግኝቱን ይፋ አደረገ፣ ናካጂማ የሚባል ሰርጀን ደግሞ በሽተኞች ላይ ሞከረው። አዮያጊ ያረፈው ኤፕሪል 2020 ነው፣ ዓለም ሁሉ ኮቪድን ፈርቶ የሱን መሣሪያ ሲፈልግ በነበረበት ወር።

ከዛ ሚኖልታ የጣቱን ሠራ፣ አሜሪካ ኮሎራዶ ያለው ባዮክስ የሚባል ድርጅት ደግሞ በኤልኢዲ አሻሻለው፣ ግን ያኔ ለሳንባ ላብራቶሪ የሚሸጥ ዕቃ ነበር። ኦፕራሲዮን ክፍል ያስገባው የስታንፎርዱ ሰመመን ሐኪም ዶክተር ዊልያም ኒው ነው። 1981 ላይ ከጃክ ሎይድና ከኢንጂነር ጂም ኮረንማን ጋር ካሊፎርኒያ ውስጥ ኔልኮር የሚባል ኩባንያ አቋቋሙ፣ ስሙም የሦስቱ ስም ቁርጥራጭ ነው። 1983 ላይ ኤን 100 የሚባለውን መሣሪያ አወጡ፣ ምቱን በድምፅ የሚነግር ድምፁም ከኦክስጅኑ ጋር የሚወፍርና የሚቀጥን።

ዶክተር ኒው ሌላ የሰራው ነገር አለ?

አለ። ሐኪምም ኢንጂነርም ስለነበር ሁለቱን ቋንቋ ይችል ነበር። ኔልኮር ከተነሳ በኋላ ናተስ የሚባል ሌላ ኩባንያ መሠረተ፣ አዲስ የተወለደ ሕፃን ይሰማል ወይስ አይሰማም የሚለውን ተኝቶ እያለ የሚለይ መሣሪያ ነው የሰሩት፣ ጆሮው ላይ ድምፅ ያሰሙትና አንጎሉ መልስ መስጠቱን ግንባሩ ላይ በተለጠፈ ኤሌክትሮድ ያያሉ። ያረፈው 2017 ነው።

ብዙ የማይወራለት ሌላ ነገር ሴንሰሩ ነው። ኤልኢዲ ሲመረት ሁሉም አንድ ዓይነት ብርሃን አይሰጥም፣ ትንሽ ትንሽ ይለያያል፣ ያቺ ትንሽ ልዩነት ቁጥሩን ታሳስታለች። ኔልኮሮች ሴንሰሩ መሰኪያ ውስጥ ትንሽ ሬዚስተር (እንደ መለያ የሚያገለግል የኤሌክትሪክ ዕቃ) ከተው መሣሪያው "ይሄ ሴንሰር የትኛው ነው" ብሎ አንብቦ ራሱን እንዲያስተካክል አደረጉት፣ ስለዚህ ሴንሰር ቀይረህ ሳታስተካክል በቀጥታ መጠቀም ተቻለ። ዛሬ ገበያ ላይ የማይመሳሰል ሴንሰር በግድ ሰክቶ የሚጠቀም ቦታ ስላለ ነው ይሄን ያነሳሁት፣ መሰኪያው ገባ ማለት ቁጥሩ ልክ ነው ማለት አይደለም።

ከዛ በፊት ሰው ሲደነዝዝ እንዴት ይጠበቅ ነበር?

በዓይን፣ በእጅና በጆሮ። ከንፈር ይታያል፣ ጥፍር ይታያል፣ ደረት ላይ ስቴቶስኮፕ ተለጥፎ የልብና የትንፋሽ ድምፅ ይሰማል፣ የደም ግፊት ይለካል። በ1890ዎቹ ሃርቪ ኩሺንግና ጓደኛው ኤርነስት ኮድማን ገና ተማሪ ሆነው ኤተር (የዛን ጊዜ ማደንዘዣ) ሲሰጡ የልብ ምትና ትንፋሽ በወረቀት ላይ መመዝገብ ጀመሩ፣ ዛሬም በየአምስት ደቂቃው የምንሞላው ቻርት ዘሩ ከዛ ነው።

የዓይን ችግሩ ግን መዘግየቱ ነው። 1947 ላይ ኮምሮ እና ቦቴልሆ የሚባሉ ተመራማሪዎች ሐኪሞችን ሰብስበው ኦክስጅኑ እየቀነሰ የሚሄድ ሰው አሳዩአቸው፣ "መቼ ነው የሚጠቁርባችሁ?" አሏቸው፣ አብዛኞቹ 80 ፐርሰንት አካባቢ እስኪወርድ ድረስ በእርግጠኝነት መናገር አልቻሉም። ይሄ በደህና ብርሃን ነው። አረንጓዴ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ መብራት ሄዶ በባትሪ፣ ቆዳው ጠቆር ያለ ሰው ላይ ደግሞ አስቡት። እኔ የተማርኩት ሞኒተር ባለበት ዘመን ነው፣ ከኔ በፊት የነበሩት ሰዎች ያንን ሁሉ ዓመት በከንፈር ቀለም ብቻ እንዴት እንደሰሩ ሳስብ አክብሮቴ ይጨምራል።

መብራት እንዴት አድርጎ ነው ኦክስጅንን የሚያውቀው?

ኦክስጅን የያዘ ደም ደማቅ ቀይ ነው፣ ያልያዘው ጠቆር ያለ ነው፣ መሣሪያው የሚያየው ይሄንኑ ነው። 660 ናኖሜትር የሆነ ቀይ ብርሃንና 940 ናኖሜትር የሆነ ኢንፍራሬድ በየተራ በሰከንድ ብዙ መቶ ጊዜ ያበራል። ኦክስጅን የሌለው ሄሞግሎቢን ቀዩን ይውጣል፣ ኦክስጅን የያዘው ኢንፍራሬዱን ይበልጥ ይውጣል። ቆዳው፣ አጥንቱ፣ ጥፍሩ፣ የደም መልስ ሁሉ ብርሃን ይውጣሉ ግን እነሱ አይለዋወጡም፣ በምት የሚለዋወጠው የደም ቅዳ ብቻ ነው፣ ስለዚህ መሣሪያው የማይንቀሳቀሰውን ሁሉ ጥሎ የሚመታውን ብቻ ይወስድና የሁለቱን ብርሃን ሬሾ ያሰላል። የአዮያጊ ግኝት ይቺ ናት።

ሬሾው 1 ከሆነ ቁጥሩ 85 ነው። ይሄን ቁጥር ያዙት፣ ምክንያቱም መሣሪያው ግራ ሲገባው፣ ጣት ሲንቀጠቀጥ ወይ ምልክቱ ደካማ ሲሆን ሁለቱም ብርሃን እኩል ይረበሻሉ፣ ሬሾው ወደ 1 ይጠጋል፣ ስክሪኑም 85 አካባቢ ይንሳፈፋል። 85 ላይ ተቸክሎ የማይነቃነቅ ቁጥር ሳይ መጀመሪያ በሽተኛውን አያለሁ ወዲያው ሴንሰሩን አያለሁ። አንዳንድ መድኃኒት የሚያመጣው ሜትሄሞግሎቢን የሚባል የደም ችግርም ቁጥሩን ወደ 85 ይጎትተዋል።

ኢሲጂ ደረቴ ላይ ተለጥፎ ሳለ ይሄ ለምን አስፈለገ? ሁለቱም ልብ ነው የሚያዩት አይደል?

አይ፣ የሚያዩት የተለያየ ነው። ኢሲጂ የልብን ኤሌክትሪክ ነው የሚያየው፣ የሆላንዱ ሐኪም አይንትሆቨን ለዚህ 1924 ላይ ኖቤል ተሸልሟል። ኤሌክትሪኩ ግን ትዕዛዝ ነው እንጂ ሥራው አይደለም። ልብ ትዕዛዝ እየደረሳት ደም ሳትረጭ ልትቀር ትችላለች፣ ለምሳሌ ብዙ ደም ሲፈስ፣ ያኔ ኢሲጂው ላይ የሚያምር መስመር ይሄዳል ሰውየው ግን ፐልስ የለውም። ኦክሲሜትሩ ደሙ እስከ ጣት ጫፍ መድረሱን ነው የሚመሰክረው። ኢሲጂ 110 ብሎ ኦክሲሜትር 70 ካለ፣ ወይ ሴንሰሩ ተንቀሳቅሷል ወይ ደግሞ አንዳንዱ ምት ጣት የሚደርስ ጉልበት የለውም፣ ሁለተኛው ከሆነ ከባድ ነገር ነው።

ስለዚህ ማዕበሉን እዩት፣ ቁጥሩን ብቻ አትዩ። ከቁጥሩ ጎን የምትሄደው መስመር እኩል እኩል ከፍ ዝቅ ካለች ቁጥሩን እመኑት፣ ከተዘበራረቀች ቁጥሩ ምንም ማለት አይደለም።

ጥፍር ቀለምና ሂና አጥፊ የምትሉን ለምንድነው?

ብርሃኑ የሚያልፈው በጥፍር በኩል ስለሆነ ነው። ጠቆር ያለ ቀለም፣ ሰማያዊም ጥቁርም፣ ቁጥሩን ዝቅ ሊያደርገው ወይ ጨርሶ እንዳያነብ ሊያደርገው ይችላል፣ ጠቆር ያለ ሂናም እንደዛው። ሙሽራ ሆና የመጣች ልጅ ሂናዋን ማስለቀቅ አይቻልም፣ ያኔ ጆሮ ጫፍ ወይ እግር ጣት ላይ እንሞክራለን፣ አንዳንዴ ሴንሰሩን በጎን አዙሮ መሰካትም ይሰራል። ጥፍር ቀለም ግን በአሴቶን ስለሚለቅ ከቤት አንዱን ጣት እንኳን አስለቅቃችሁ ብትመጡ ጊዜ ይተርፋል።

የቀዘቀዘ እጅም ያስቸግራል፣ ደም ጣት ጫፍ ካልደረሰ የሚለካ የለም። ማሞቅ ነው። የደም ግፊት መለኪያው ባለበት እጅ ላይም አይሰካም፣ ግፊቱ ሲለካ ደም ይቆማል ኦክሲሜትሩም ይጠፋል፣ ሁሉም ሰው ይደነግጣል።

ኦክስጅን ማስክ አድርጎ 99 የሚያሳይ ሰው ሰላም ነው ማለት ነው?

ላይሆን ይችላል፣ ይሄ ከሙያ ውጭ ያለ ሰው ብቻ ሳይሆን ባለሙያም የሚሳሳትበት ነው። ኦክሲሜትር ኦክስጅንን ነው የሚያየው፣ መተንፈስን አያይም። ኦክስጅን የተሰጠው ሰው ሳንባው ውስጥ ክምችት አለው፣ መተንፈስ ቢያቆም ወይ በጣም ቢዘገይ እንኳን ክምችቱ እስኪያልቅ ቁጥሩ 99 ላይ ይቆማል፣ ካለቀ በኋላ ደግሞ በአንዴ ይወርዳል። ሌላው መዘግየት ጣቱ ራሱ ነው፣ ሳንባ ላይ የሆነው ነገር ጣት ላይ እስኪደርስ ግማሽ ደቂቃ፣ ደም ዝውውር ሲደክም ከዛም በላይ ይፈጃል።

ስለዚህ ካፕኖግራፍ የሚባል የሚወጣውን ካርቦንዳይኦክሳይድ የሚለካ ሌላ መሣሪያ አለ፣ ትንፋሽ በቆመበት ቅጽበት ይናገራል። ከሌለ ደግሞ ሰው አጠገብ ተቀምጦ ደረት መቁጠር ነው። ሪከቨሪ (ከኦፕራሲዮን በኋላ የሚነቁበት ክፍል) ውስጥ ያለ ዘመድ አጠገብ ከገባችሁ ቁጥሩን አይታችሁ ብቻ አትረጋጉ፣ ጥልቅ እንቅልፍ ላይ ሆኖ የሚያንኮራፋ ወይ በደቂቃ ስድስት ሰባት ጊዜ ብቻ የሚተነፍስ ከሆነ ወዲያው ነርሷን ጥሯት።

የከሰል ጭስ የያዘው ሰው ሳቹሬሽኑ 98 ነው፣ ራሱን ግን እየሳተ ነው፣ እንዴት ይሆናል?

ይሄን ጥያቄ እባካችሁ ለቤተሰብ አስተላልፉት። ከሰል በተዘጋ ክፍል ሲነድ ካርቦንሞኖክሳይድ ይወጣል፣ ሽታ የለውም፣ ሄሞግሎቢን ላይ የኦክስጅንን ቦታ ይይዝና አይለቅም። ችግሩ ካርቦንሞኖክሳይድ የያዘ ደምም ደማቅ ቀይ ነው። ሁለት ብርሃን ብቻ ያለው ተራው ኦክሲሜትር ልዩነቱን አያውቅም፣ ኦክስጅን ነው ብሎ ይቆጥረዋል፣ ሰውየው እየታፈነ ስክሪኑ 98 ይላል።

ስለዚህ ከሰል ያለበት ቤት ውስጥ ሰው ራሱን ካመመው፣ ካስመለሰው፣ ከደከመው ወይ ከሳተ ቁጥሩን ተዉት። መጀመሪያ ከክፍሉ ወደ ደጅ አየር አውጡት፣ ወዲያው ሐኪም ቤት፣ እዛም "ከሰል ነበር" ብላችሁ በአፋችሁ ተናገሩ፣ ምክንያቱም የተረኛው ሐኪም ጣት ላይ የሰካው መሣሪያ አይነግረውም። ሕክምናው ቁጥሩ ምንም ይበል በከፍተኛ መጠን ኦክስጅን ነው፣ በትክክል የሚለካው ደግሞ ደም ተወስዶ ኮኦክሲሜትር በሚባል ማሽን ነው።

ጥቁር ቆዳ ላይ ይሳሳታል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፣ ስለኛ ስለሆነም ረዘም አድርጌ ልመልስ። መሣሪያው ሲሰራ ሬሾውን ወደ ፐርሰንት የሚቀይረው ሠንጠረዥ ከየት መጣ? ጤነኛ ፈቃደኞች ስስ አየር እየተነፈሱ ደማቸው እየተወሰደ ነው የተሰራው፣ ከፈቃደኞቹ ደግሞ አብዛኞቹ ፈካ ያለ ቆዳ ያላቸው ነበሩ። ሜላኒንም (ቆዳን የሚያጠቁረው ቀለም) ብርሃን ይውጣል። 2005 ላይ ከሳንፍራንሲስኮ የወጣ ጥናት ቆዳው ጠቆር ባለ ሰው ላይ ሳቹሬሽን ሲወርድ መሣሪያው ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ እንደሚያሳይ ተናግሯል፣ ብዙ ሰው አልሰማውም። ዲሴምበር 2020 ላይ ከሚሺጋን የወጣው ነው ያነቃነቀው፦ መሣሪያው ከ92 እስከ 96 እያሳየ እውነተኛው ከ88 በታች የሆነባቸው ነጮች 3.6 ፐርሰንት ሲሆኑ ጥቁሮች ግን 11.7 ፐርሰንት ነበሩ። ሦስት እጥፍ ማለት ነው። ኮቪድ ሰዓት ኦክስጅን የሚሰጠውና አልጋ የሚያዘው በዚህ ቁጥር ነበር።

የአሜሪካው የመድኃኒትና ምግብ ቁጥጥር መስሪያ ቤት 2013 ያወጣው መመሪያ ቢያንስ 10 ሰው ይፈተን፣ ከነሱ ቢያንስ 2ቱ ጠቆር ያለ ቆዳ ይኑራቸው ነበር የሚለው፣ ጃንዋሪ 2025 ላይ ባወጣው ረቂቅ ቁጥሩን ወደ 150 ከፍ አድርጎ የቆዳ ቀለሙም ሰፋ ብሎ እንዲለያይ ጠይቋል። መዘግየቱ ያናድደኛል፣ አልደብቅም። ገዢው ኢትዮጵያም ናይጄሪያም ሕንድም ሆኖ የሚፈተነው ሌላ ቆዳ ላይ መሆኑ ከመጀመሪያው መጠየቅ የነበረበት ነገር ነው።

ታድያ እንጣለው? አይጣልም። እኔ በየቀኑ እጠቀምበታለሁ። ከአንድ ቁጥር ይልቅ አካሄዱን አያለሁ፣ ከ96 ወደ 92 የወረደ ሰው 92 ላይ ቆሞ ከዋለ ሰው ይለያል። ጠርዝ ላይ ያለ ቁጥር፣ 91 እና 92፣ ላይ አልከራከርም፣ እውነቱ ዝቅ ሊል ይችላል ብዬ ኦክስጅን እሰጣለሁ። ምልክቱና ቁጥሩ ካልተስማሙ ደግሞ ከደም ቅዳ ናሙና ወስዶ ማየት ነው። አሜሪካም አውሮፓም ያላችሁ፣ ትንፋሽ አጥሯችሁ "ቁጥርህ ደህና ነው" ተብላችሁ ልትመለሱ ከሆነ ይሄን አንስታችሁ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ሕይወት እንደሚያድን ማስረጃ አለ ወይስ ልማድ ነው?

ይሄን የሚጠይቁኝ አብዛኛውን ጊዜ ተማሪዎች ናቸው። ዴንማርክ ውስጥ 20,802 በሽተኞች ላይ ትልቅ ጥናት ተሰርቶ 1993 ወጣ፣ ግማሹ በኦክሲሜትር ግማሹ ያለሱ። የኦክስጅን መቀነስ በኦክሲሜትሩ ቡድን 19 እጥፍ ያህል በልጦ ተደረሰበት፣ በሞት ግን ልዩነት አልታየም። አንዳንዱ ይሄን ይዞ "አይጠቅምም" ይላል። እኔ እንደዛ አላነበውም። በሰመመን መሞት እዛ አገር ያኔም በጣም ጥቂት ስለነበር ሃያ ሺህ ሰው ልዩነቱን ለማሳየት አይበቃም፣ ማንም ሰው ደግሞ አሁን ተነስቶ ሚሊዮን ሰው ያለ ኦክሲሜትር ላስተኛ አይልም። የአሜሪካ ሰመመን ሐኪሞች ማኅበር 1986 ላይ መመዘኛ አወጣ፣ ከ1990 ጀምሮ ኦክሲሜትር ለእያንዳንዱ ሰመመን ግዴታ ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት 2008 ያወጣው የቀዶ ሕክምና ቼክሊስት ላይም ሰው ከመተኛቱ በፊት "ኦክሲሜትሩ ተሰክቶ ይሰራል?" ተብሎ ይጠየቃል።

2010 ላይ የወጣ ግምት በዓለም ላይ ከ77 ሺህ በላይ ኦፕራሲዮን ክፍሎች ኦክሲሜትር እንደሌላቸው ይናገራል። ላይፍቦክስ የሚባለው ድርጅት 2011 ላይ የተቋቋመው ለዚህ ነው፣ መውደቅን የሚችል፣ በባትሪ የሚሰራ፣ ረከስ ያለ መሣሪያ ከስልጠና ጋር ያደርሳል፣ ኢትዮጵያ ውስጥም ይሰራል። እኛ አገር ሰመመን የሚሰጠው በአብዛኛው ሐኪም ያልሆነ እንደኔ ያለ ባለሙያ ነው፣ ወረዳ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ብቻውን ነው፣ አጠገቡ የሚጠይቀው ሰው የለም። ብቻውን ለሚሰራ ሰው ያ ድምፅ ሁለተኛ ባለሙያ ነው።

ቤት መግዛት ይጠቅማል? የስልክ አፕስ?

የቆየ የሳንባ ወይ የልብ ሕመም ያለበት ሰው ካለና ሐኪሙ ካዘዘ ይጠቅማል። ጣት አሙቁ፣ ተቀመጡ፣ ግማሽ ደቂቃ ጠብቁ፣ ማዕበሉ ሲረጋ አንብቡና ጻፉት። ሁለት ሦስት ነጥብ ከፍ ዝቅ ማለት የመሣሪያው ባሕርይ ነው። በስልክ ካሜራና ፍላሽ ብቻ የሚሰሩ አፖች ላይ ግን ውሳኔ አታድርጉ።

ወገቤ ላይ ተወግቼ ነቅቼ ስወልድ ድምፁ አስጨነቀኝ፣ አጥፉልኝ ማለት እችላለሁ?

መጠየቅ ትችያለሽ፣ መጨነቅሽም ልክ ነው፣ የራስሽን ልብ ከውጭ መስማት ቀላል አይደለም። እኔ ድምፁን እቀንሳለሁ፣ አላጠፋም። ሰርጀኑም አንዳንዴ ሬዲዮ እንዲሰማ "ቀንሱት" ይላል፣ ለሱም መልሴ ያው ነው። የአሜሪካው መመዘኛ ራሱ የሚወፍር የሚቀጥነው ድምፅና ማስጠንቀቂያው ሰመመን ሰጪው ጋ መሰማት አለባቸው ብሎ በግልጽ ጽፏል።

የማደርገው ሌላ ነገር ነው። ገና ስትተኚ "ይሄ ያንቺ ልብ ነው፣ እንደዚህ ቀጭን ሆኖ እስከቀጠለ ኦክስጅንሽ ጥሩ ነው፣ ቢፈጥን ደግሞ ልጅሽን ልታዪ ስለሆነ ነው" እላለሁ። አንዷ ልጇ ወጥቶ አልቅሶ ደረቷ ላይ ከተደረገላት በኋላ ዞር ብላ "አሁንም ቀጭን ነው አይደል?" አለችኝ፣ አዳመጥኩላት፣ ቀጭን ነበር።